ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ክፉ ቀን ዝግጅት ነው። በክፉ ቀን የሚያስፈልገው ነገር በአገር ውስጥ እንዴት ይመረታል? መንግሥትስ ፋብሪካዎችን እንዴት ያስተባብራል? ይህን እንመለከታለን። ርእሱ ከበድ ያለ ይመስላል። ግን ከቤታችሁ የራቀ አይደለም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ ትምህርት ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ አለበት የሚል ነው። ስለዚህ እኛም ከቤት እንጀምር።

ክረምት ከመግባቱ በፊት እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ጣራ ትጠግናላችሁ። ማገዶ ታስገባላችሁ። በርበሬ ታሰጣላችሁ፤ ሽሮ ታስፈጫላችሁ። ለዘር የሚሆነውን እህል ለብቻው ታስቀምጣላችሁ። ዝናቡ ከወረደ በኋላ ጣራ ልጠግን የሚል ሰው የለም። ቢኖርም ጎረቤት ይስቅበታል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው። ለሚመጣው ቀን ተብሎ የተቀመጠው ነገር ደግሞ መጠባበቂያ ይባላል።

አገርም እንደ ቤት ናት። ድርቅ ይመጣል። በሽታ ይመጣል። ጎርፍ ይመጣል። ቤት ግን ጎተራና ማጀት ካለው ይበቃው ይሆናል። አገርን ጎተራ ብቻ አይበቃትም። ክትባት ከጎተራ አይወጣም። መድኃኒት ከማጀት አይገኝም። እነዚህን የሚሠራ ፋብሪካ፣ ፋብሪካውንም የሚያንቀሳቅስ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

እስቲ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። የከብት ታሪክ ነው።

አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት ዘመን አለ። ከ1880 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። በዚያ ጊዜ ከውጭ የመጣ የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ወደ አገር ገባ። ሕዝቡ በሽታውን «ደስታ» አለው። ክፉን ነገር በመልካም ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው። በሽታው ግን የሐዘን በሽታ ነበረ። ከመቶ ከብት ዘጠና ያህሉን ፈጀ ተብሎ ተጽፏል።

በሬው ሲያልቅ ማን ይረስ? ማሳው ጾሙን አደረ። ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ሰው በረሀብ አለቀ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ ይባላል። ዶማ በሬን ተክቶ የሚሠራው ጥቂት ነው። በዚያ ጊዜ ለደስታ በሽታ በአገራችን ክትባት አልነበረም። ሰው እያየ ከብቱ አለቀበት።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንሂድ። ከተማዋ ደብረ ዘይት ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በ1956 ዓ.ም.፣ መንግሥት በዚያ የእንስሳት ክትባት የሚሠራ ተቋም አቋቋመ። ተቋሙ ከሠራቸው ክትባቶች አንዱ የደስታ በሽታ ክትባት ነው። ክትባቱም በአገር ውስጥ ይሠራ ነበር።

ታዲያ ክትባቱ ስለተሠራ በሽታው በአንድ ቀን ጠፋ? አልጠፋም። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ክትባት በጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ማንንም አያድንም። ቀዝቃዛ ሳጥን ይፈልጋል፤ ሙቀት ያበላሸዋልና። መኪና፣ በቅሎ፣ እግረኛ ይፈልጋል። ከብቱን ወደ መከተቢያው የሚነዳ አርብቶ አደርና ገበሬ ይፈልጋል። የተከተበውን የሚመዘግብ፣ መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ የሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች ተባብረው የክትባት ዘመቻ አካሄዱ። በሽታው ቀነሰ። ያን ጊዜ ብዙዎች «አለቀ» ብለው ተዘናጉ። ክትባቱም ክትትሉም ላላ። በ1970ዎቹ በሽታው ተመልሶ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከብት ፈጀ። እንደገና ዘመቻ ተጀመረ። በዚህኛው ግን አልተዘናጉም። ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘና፣ በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው የወገናቸውን ከብት ራሳቸው ከተቡ። መኪና የማይገባበት ቦታ ሁሉ በእግር ተደረሰ።

በመጨረሻ በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የቅድመ አያቶቻችንን በሬ የፈጀው በሽታ ዛሬ በምድር ላይ በከብት ውስጥ የለም።

አሁንም አንድ ነገር ልጨምር። በሽታው ከጠፋ በኋላ ክትባቱ ተጣለ? አልተጣለም። በዚያው በቢሾፍቱ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል አለ። ሥራው የክትባትን ጥራት መመርመር ነው። የደስታ በሽታ ክትባት መጠባበቂያም እዚያ ተቀምጧል። በሽታው ምናልባት ቢመለስ ተብሎ ነው። ከብቱ ደህና ነው፤ ክትባቱ ግን ይጠብቃል። እውነተኛ ዝግጅት ማለት ይህ ነው።

አሁን ከከብት ወደ ሰው እንምጣ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአዲስ አበባ ተገኘ። በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሰው ሁሉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ፈለገ። ሳኒታይዘር ፈለገ። ዕቃው ጠፋ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከውጭ ይምጣ ቢባል ዓለም ሁሉ ያንኑ ዕቃ ይፈልግ ነበር። ገንዘብ የያዘ አገር እንኳ ሻጭ አጣ።

ያን ጊዜ በአገር ውስጥ ያለው ፋብሪካ ታሰበ። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝና ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞሩ። መኪናው ያው የስፌት መኪና ነው። ሠራተኛዋም ያችው ልብስ ሰፊ ናት። የተለወጠው የሚሰፋው ነገር ነው። አልኮልም እንዲሁ። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ሞላሰስ ሲጣራ አልኮል ይወጣዋል። አልኮል ደግሞ የሳኒታይዘር ዋና ጥሬ ዕቃ ነው።

ክትባቱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ያህል የክትባት መጠን በአውሮፕላን ወደ አገራችን ገባ። ክትባቱ የተሠራው ሕንድ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በሕንድ በሽታው ጠና። ሕንድም ክትባቷን ለራሷ ሰው አስቀደመች። ወደ አፍሪካ የሚመጣው ቀነሰ። ሕንድን መውቀስ አይቻልም። የታመመ ልጅ ያለው አባት መድኃኒቱን ለጎረቤት አይሰጥም። ዋናው ቁም ነገር፣ ሌላው ሲጨንቀው የኛ ድርሻ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው።

በዚያ ጊዜ አፍሪካ ከምትጠቀምበት የሰው ክትባት መቶ እጅ ውስጥ በአህጉሩ የሚሠራው አንድ እጅ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አንድ ግብ አስቀመጠ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2040 ድረስ ከመቶው ስልሳው በአፍሪካ እንዲሠራ ነው። ለከብቶቻችን ክትባት የምትሠራ አገር ለልጆቿ የሚሆነውን ከሰው እጅ ስትጠብቅ ማየት ያስቆጫል። ቁጭቱ ግን ሥራ ካልሆነ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ «መንግሥት ያስተባብራል» ሲባል ምን ማለት ነው? አምስት ነገር ነው። በጣታችሁ እየቆጠራችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ ማወቅ ነው። የትኛው ፋብሪካ ምን ይሠራል? በክፉ ቀንስ ወደ ምን ሊዞር ይችላል? ይህ በሰላም ቀን ተጠንቶ በመዝገብ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ መዋዋል ነው። «ይህን ያህል ሥራ፤ በዚህ ዋጋ እገዛሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ መስማማት ነው። ገዢ ያላወቀ ፋብሪካ ከፍቶ አይጠብቅም። በአሜሪካ ይህን የሚመለከት ሕግ በኮርያ ጦርነት ጊዜ በ1950 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ሕጉ መንግሥት ለአስቸኳይ ጊዜ የሚያዘው ሥራ ከሌላው ሥራ እንዲቀድም ያደርጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ ያው ሕግ መኪና ሠሪውን የመተንፈሻ መሣሪያ ለማሠራት አገለገለ።

ሦስተኛ፣ ጥሬ ዕቃ ነው። ስፌቱ እዚህ ሆኖ ጨርቁ ከውጭ ከሆነ፣ ባሕር ሲዘጋ መኪናውም ይቆማል። ሁሉን ነገር በአገር ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ ቢቻልም ውድ ነው። ግን የትኛው ጥሬ ዕቃ ከውጭ እንደሚመጣ አውቆ ያንን አስቀድሞ ማከማቸት ይቻላል።

አራተኛ፣ ጥራት ነው። የተበላሸ ክትባት ካለመከተብ ይብሳል። ሰው የዳነ መስሎት ይዘናጋልና። ስለዚህ የሠሪው ሥራ በሌላ ሰው ዓይን መመርመር አለበት።

አምስተኛ፣ ማደስ ነው። የተከማቸ ነገር ዘመን አለው። አሮጌው ሳይበላሽ እየወጣ አዲሱ መግባት አለበት። የጎተራን እህል ነቀዝ እንዳይበላው እንደምታገላብጡት ማለት ነው።

እነዚህ አምስቱ አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚገኝ በአንድ የታወቀ ነገር ልንገራችሁ። ፋፋን ታውቁታላችሁ? ብዙ እናት ለልጇ ገንፎ ሠርታበታለች። ፋፋ የተገኘው በንጉሡ ዘመን በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በተቋቋመ የሕፃናት ምግብ ጥናት ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄት፣ ቪታሚን ተቀላቅሎበት ለሕፃን የሚበቃ ምግብ ሆነ። በሰላሙ ቀን በሱቅ የሚሸጥ ምግብ ነው። ያው ፋብሪካ ግን በረሀብ ጊዜ ለእርዳታ የሚከፋፈል፣ ፋሚክስ የሚባል ዱቄት አምርቷል። ለክፉ ቀን ብቻ ተሠርቶ የተዘጋ ፋብሪካ ይዝጋል። በደህናው ቀን የሚሠራ ፋብሪካ ግን በክፉው ቀን ተዘጋጅቶ ይገኛል።

«ታዲያ እኛ ምን አገባን? ይህ የመንግሥትና የፋብሪካ ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል። አሁን ማንበብ ችላችኋልና።

የመድኃኒት ወይም የዱቄት ማሸጊያ ላይ ቁጥር አለ። የተሠራበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚበልጥ አስታውሱ። ቀኑ ካለፈ አትውሰዱ። ከብት አስከታቢው ሲመጣ ክትባቱ በቀዝቃዛ ሳጥን መምጣቱን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የተከተበላችሁን ከብት ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።

በግና ፍየል ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ደስታ መሰል የሚባል በሽታ አለ፤ በግና ፍየል ይፈጃል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይሠራል። ዓለም ይህንንም በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ግብ ይዟል። በሽታው ሲጠፋ ከሚታዩት መንገዶች አንዱ በናንተ ደጅ ያልፋል። ፍየሏ ዓይኗና አፍንጫዋ ፈሳሽ ካበዛ፣ አፏ ከቆሰለ፣ ካስቀመጣት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ቶሎ ንገሩ። ወደ ገበያ አትንዷት። የናንተ አንድ ቃል ለሩቁ ፋብሪካ «አምርት፤ ላክ» የሚል ደወል ነው። ደወሉ ካልተደወለ ፋብሪካው አይሰማም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። እሳቱ ገና ጭስ ሳለ ቅጠል ያጠፋዋል። ሲነድ ግን ወንዝም አይበቃው። ጅቡ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻም በረቱን አላዳነም።

አሁን በቡድን ሆናችሁ የምታነቡ እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው።

1. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሬዎች ካለቁ በኋላ ረሀቡ ለምን ጠና?
2. የደስታ በሽታ ከጠፋ በኋላ ክትባቱ ለምን ይቀመጣል?
3. በቤታችሁ ካለው መድኃኒት አንዱን አውጡ። አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ቀን አንብባችሁ ለጎረቤታችሁ ንገሩ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ዛሬ ማታ ሥሩት። መልሱ ከደብተራችሁ አይገኝም፤ ከመደርደሪያችሁ ነው።

በደህና ሰንብቱ።