በፍሎሬንስ ካቴድራል ሊታዩ የሚገባቸው የጥበብ ሥራዎች



ለሥራም ሆነ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ወደ ኢጣሊያ የሚሄድ ሰው ፍሎሬንስ ከተማ በደረሰ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ከጣሪያዎቹ ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው ቀይ ጉልላት ላይ ነው። ጉልላቱን የተሸከመው ካቴድራል ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የአበባዪቱ ቅድስት ማርያም» ማለት ነው። ብዙ ጎብኚ ግን ከውጭ ፎቶግራፍ ያነሣና ወደ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ፥ ሰፊና ባዶ አዳራሽ ያየ መስሎት ቅር ብሎት ይወጣል። በእርስዎ ላይ ይህ እንዳይደርስ፥ ምን ምን ማየት እንደሚገባዎ በቅደም ተከተል ላስረዳ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካቴድራሉ ሥራ የተጀመረው በ1296 ዓ.ም. በአርኖልፎ ዲ ካምቢዮ ነው። ግድግዳው ቆሞ ሳለ፥ 45 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክፍት ቦታ በምን ብልሃት መክደን እንደሚቻል የሚያውቅ ስላልነበረ ሕንፃው ለብዙ ዘመን ያለ ጉልላት ቆየ። በመጨረሻ በወርቅ አንጥረኝነት ሙያ ያደገው ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 ዓ.ም. ድረስ ከታች የሚደግፍ የእንጨት ቅስት ሳያቆም፥ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ ሁለት ጉልላት ሠራ። ጡቡንም አንዱ ሌላውን እንዲይዝ አድርጎ እያሰካካ ደረደረው። እግርዎ ብርቱ ከሆነ 463 ደረጃ ወጥተው በሁለቱ ጉልላቶች መካከል እያለፉ ሥራውን በቅርብ ይመልከቱ። በመንገድዎም ጆርጆ ቫሳሪ በ1572 ዓ.ም. ጀምሮት ፌዴሪኮ ዙካሪ በ1579 ዓ.ም. የፈጸመውን የመጨረሻውን ፍርድ ሥዕል ያገኙታል።

ወደ ውስጥ እንደ ገቡ ግን ወደ ፊት አይቸኩሉ፤ ዞር ብለው የገቡበትን በር ከበላዩ ይመልከቱ። በዚያ ሠዓሊው ፓኦሎ ኡቼሎ በ1443 ዓ.ም. ፊቱን የሣለው ታላቅ ሰዓት አለ። ቁጥሮቹ 24 ናቸው፤ ዘንጉ እኛ ከለመድነው በተቃራኒ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሰዓቱም የሚቈጠረው ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ነው። ዛሬ ይህን አቆጣጠር ለአውሮፓዊ ጎብኚ ማስረዳት አድካሚ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ሰዓት፥ ሁለት ሰዓት እያለ የሚቈጥር ኢትዮጵያዊ ግን ከሰዓቱ ሥር ቆሞ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

በግራ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ሥዕሎችን ልብ ይበሉ። አንደኛው ያው ኡቼሎ በ1436 ዓ.ም. የሣለው ፈረሰኛ ነው፤ ቀለም ብቻ ሲሆን ከነሐስ የተቀረጸ ሐውልት መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ዶሜኒኮ ዲ ሚኬሊኖ በ1465 ዓ.ም. የሣለው የባለቅኔው የዳንቴ ምስል ነው። ዳንቴ በ1302 ዓ.ም. ከትውልድ ከተማው ተሰድዶ ዳግመኛ ሳይመለስ በ1321 ዓ.ም. በራቬና ሞተ። በሥዕሉም መጽሐፉን በእጁ ይዞ ከከተማው ቅጥር ውጭ ቆሟል፤ በቅጥሩ ውስጥ የሚታየው ጉልላትም በሕይወቱ ዘመን ገና ያልተሠራ ነበር። ከተማው ያባረረውን ልጁን ያከበረው ከሞተ በኋላ መሆኑን ይህ ሥዕል ያለ ንግግር ይመሰክራል።

ከካቴድራሉ ትይዩ የጥምቀት ቤቱ ቆሟል። ሎሬንሶ ጊቤርቲ ከ1425 እስከ 1452 ዓ.ም. የደከመበት፥ በወርቅ የተለበጠው የነሐስ በር የዚህ ቤት ነው። ሚኬላንጄሎ «የገነት በር» ብሎታል ይባላል። በላዩ ላይ ከብሉይ ኪዳን የተወሰዱ ዐሥር ታሪኮች ተቀርጸዋል። በቀኝ በኩል ከታች ያለው የመጨረሻው፥ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በቤተ መቅደስ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያሳይ ነው። በሌሎቹ ውስጥ ብዙ ድርጊት ተደራርቦ ሲቀረጽ፥ በዚህኛው የተቀረጸው የሁለቱ መገናኘት ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ ከሥነ ጥበብም የበለጠ ነገር አለው። የአብያተ ክርስቲያናትን አንድነት ለመመለስ በፍሎሬንስ ጉባኤ ተደርጎ ሳለ፥ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን አበ ምኔት የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት በ1441 ዓ.ም. ወደዚህች ከተማ መጥተው ነበር። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ነው። በዚያን ጊዜ የጉልላቱ ጫፍ የድንጋይ ዘውዱን ገና አልደፋም፤ የጊቤርቲም በር ገና አልተፈጸመም። እንግዲህ ከዚያ ደጃፍ ሲቆሙ ከአገርዎ ሰው የመጀመሪያው እንዳልሆኑ ይወቁ።

ይሁን እንጂ ዛሬ በደጁ የሚታየው በር ቅጂው ነው። ኅዳር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ውኃው ከቅርጾቹ አንዳንዶቹን ከበሩ ገነጠላቸው። ዋናው በር ብዙ ዓመት ከፈጀ እድሳት በኋላ በ2012 ዓ.ም. ከካቴድራሉ በስተጀርባ ባለው ቤተ መዘክር ገባ። ካቴድራሉ ባዶ መስሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው፤ ሀብቱ አልጠፋም፥ ከጉዳት እንዲጠበቅ ወደዚያ ተዛወረ እንጂ። ቤተ መዘክሩን ሳያይ የተመለሰ ሰው የካቴድራሉን እኩሌታ ትቶ ተመልሷል።

በዚያ የዶናቴሎን መግደላዊት ማርያም ያያሉ፤ ከእንጨት የተቀረጸች፥ በጾምና በንስሐ ሰውነቷ ያለቀ እንደ በረሃ ባሕታዊት ያለች ናት። ደግሞ ሚኬላንጄሎ ዕድሜው ከሰባ ካለፈ በኋላ ለገዛ መቃብሩ የጀመረውን ሐውልት ያገኛሉ። ሥራው አላረካው ብሎ በመዶሻ ሰባበረው፤ ሌላ ሰው ስብርባሪውን ሰብስቦ አጋጠመው። የጌታ ግራ እግር እስከ ዛሬ የለም። ከኋላ ቆሞ ሥጋውን የሚደግፈው ሽማግሌ ኒቆዲሞስ ሲሆን፥ ፊቱ የራሱ የሚኬላንጄሎ ፊት እንደ ሆነ ይነገራል። ያ ሁሉ ዓለም ያደነቀው ጠቢብ በሥራው ሳይረካ መሞቱን ባየ ጊዜ፥ ሰው ስለ ገዛ ሥራው በትሕትና ማሰቡ አይቀርም።

ስለዚህ ለዚህ ቦታ አንድ ሙሉ ቀን ይስጡት። ወደ ጉልላቱ ለመውጣት ሰዓቱን አስቀድመው ያስይዙ፤ ቤተ ክርስቲያን ነውና በጨዋ ልብስ ይግቡ፤ ከሁሉም በላይ አይቸኩሉ። ጥቂቱን አስተውሎ ያየ ሰው፥ ብዙውን ሮጦ ካየው ይልቅ ለአገሩ የሚተርከው ይዞ ይመለሳል።