የጨዋታ ሰው አፈጣጠር
(በትምህርት ቤታችን የዓመት በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በአየር ጤና መንደሮች ሕፃናት እቃ እቃ ሲጫወቱ ያላየ በመካከላችን የለም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ማን እናት፣ ማን አባት፣ ማን እንግዳ እንደሚሆን ይወሰናል። ወሳኙም በዕድሜ ከፍ ያለው ልጅ ስለ ሆነ፣ ትንሹ ዘወትር ሕፃን ሆኖ ይተኛል። ማልቀስ እንጂ መናገር አይፈቀድለትም።

ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነገር ጠረጴዛ ከበው ስለሚያደርጉት ጨዋታዎች ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በእርሱ ስም ይናገራል፤ አንዱ ደግሞ ታሪኩን ይመራል። ገጸ ባሕርዩ በምን መንገድ ይፈጠር የሚለው ግን ብዙ ያከራክራል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነገሩን ለዕጣ ሰጠው። ለጉልበት፣ ለአእምሮ፣ ለማስተዋል፣ ለጽናት፣ ለቅልጥፍናና ለግርማ ሞገስ ለየብቻ ሦስት ዳይስ ተጥሎ ድምሩ ይጻፋል፤ ይኸውም ከ3 እስከ 18 ነው። 18 የሚመጣው ከ216 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው። እዚህ ላይ ያ ትንሽ ልጅ ከታላቁ ይልቅ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ የዕጣ ደግነቱ ይህ ነው። ክፋቱ ግን የአንድ ቀን መጥፎ ዕጣ ለብዙ ወራት አብሮ መኖሩ ነው። በ1977 የወጣው «ትራቨለር» የተባለውማ ከዚህ ይብሳል፤ ገጸ ባሕርዩ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ገና በወጣትነት አገልግሎቱ ላይ ሳለ፣ በዳይስ ሊሞት ይችላል!

በ1986 ስቲቭ ጃክሰን ያወጣው «ገርፕስ» ደግሞ እንደ ገበያ ነው። ለጀማሪ ጀግና 100 ነጥብ ተሰጥቶት ጉልበቱንም ሙያውንም በዚያ ይገዛል፤ ጉድለት ለተቀበለም ነጥብ ይጨመርለታል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ «ቁጡ ነኝ» ብሎ ጽፎ ነጥቡን ከወሰደ በኋላ አንድም ቀን አይቈጣም። ድልድሉ እኩል ነው ይባላል። ነገር ግን መጽሐፉን ያጠና ሰው፣ ካላጠናው ይልቅ በዚያው 100 ነጥብ የበለጠ ጀግና ይሠራል። መጽሐፉም ወፍራም፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ አዲስ የሚመጣው ተማሪ ምን ያድርግ?

እኔ ለትምህርት ቤት የምመርጠው በ2014 በታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ውስጥ ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱን ነው። ለሁሉም 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10ና 8 ይሰጣል፤ እያንዳንዱም በወደደው ቦታ ያኖራቸዋል። 8ን በጉልበት ላይ ያኖረ ተዋጊ ከሚሆን አስማተኛ ቢሆን ይሻለዋል፤ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ ማጥናት አያስፈልግም።

ዕጣ ይሻለናል የምትሉም ዳይስ ባይገኝ አትቸገሩም። ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸውን ስድስት ቁራጭ ወረቀቶች በስኒ ውስጥ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ አውጡ። የወጣው ወረቀት ግን በየጊዜው ወደ ስኒው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ከ6 በታችና ከ15 በላይ የሆነ ድምር ከቶ አይገኝም።