የ12ኛ ክፍል ፈተናና የቤታችን ሒሳብ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ዛሬ ከቁጠባው ሪፖርት በፊት ስለ ልጆቻችን እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። እያደገ ነው፤ ሆኖም ከ10 ልጆች አንድ እንኳ አይሞላም።

ማለፍም ብቻውን የፈለጉበት አያስገባም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ፈትነው ይመርጣሉ። ልጄ ከአጠገቤ ሆና ትማር የምትል እናት ይህን ቀድማ ማወቅ አለባት።

እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ነንና ነገሩን በቁጥር እንየው። ፈተናው 6 ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። የሚፈለገው 300 ነው። አንዲት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በእንግሊዝኛ 62፣ በአፕቲቲዩድ 60፣ በባዮሎጂ 55፣ በኬሚስትሪ 48፣ በፊዚክስ 40፣ በሒሳብ 38 ብታመጣ ድምሩ 303 ነው። በሦስት ትምህርት ከግማሽ በታች ሆና አለፈች ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ለማስጠኛ የምንከፍለው ለሒሳብና ለፊዚክስ ብቻ ነው። እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ ከሌላው እኩል ነጥብ አላቸው፤ በማንበብና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ደጋግሞ በመሥራትም ይሻሻላሉ። ይህም ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ይጠይቃል።

ጊዜውን ከየት እናምጣ? ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዕቃው፣ ወጡ፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል። ወንድሟ ግን ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል፣ ወይም ኳስ ሜዳ ይወርዳል። ሥራውን ብንከፋፍለውና በቀን 2 ሰዓት ብናተርፍላት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በ40 ሳምንት 400 ሰዓት ይሆናል። ከ9ኛ ክፍል ከጀመርን በአራት ዓመት 1,600 ሰዓት ነው። ይህን ያህል ሰዓት የሚሸጥልን አስጠኚ የለም፤ ቢኖርም አቅማችን አይችለውም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ርቀው የሄዱ አባሎቻችን ችግር ደግሞ ሌላ ነው። የልጆቻቸው ሰዓት በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። ምክር ብቻ አይበቃቸውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቡልጋሪያ ያለው አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ምሽት ለተማሪዎች ይከፈት፤ አባላት ተራ ገብተን እንጠብቅ። ሁለተኛ፣ ርቀው ለሄዱት ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይሁንላቸው፤ የታክሲያቸውን ማኅበሩ ይሸፍን። ገንዘቡ ለዓመት በዓል ድግሳችን ከምንመድበው ይውጣ። ሦስተኛ፣ ለጋሾቻችን ዘንድሮ በቦርሳ ፈንታ ያገለገለ ኮምፒውተር ስጡን። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም ይሰጣል። ማውስ ነክታ የማታውቅ ልጅ መልሱን እያወቀች ደቂቃዋን ትጨርሳለች።

«እኔ ለፈተና የደረሰ ልጅ የለኝም፤ ድግሴ ለምን ይቀነሳል?» የምትል እህት ትኖራለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ዕቁብ ስንጥል ግን ዕጣ ላልደረሰን ወር አንከፍልም አንልም። ዘንድሮ የአንዷ ልጅ ናት፤ ከርሞ የሌላዋ። ቀድማ የገባችውም ተመልሳ ታናናሾቿን እንድታስጠና ከአሁኑ ቃል እናስገባታለን።

ድግሱ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለውን አሁን እጅ በማውጣት እንወስን።