በጥፍር የጀመረ በእግር እንዳይጨርስ

የማነጋግራችሁ ከአትላንታ ነው። የፖለቲካውን ጉዳይ ለዛሬ ለባልደረቦቼ ትቼ ስለ እግር ጥፍር ላወራችሁ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ሐምሌ 1988 ዓ.ም. በዚህች ከተማ በተካሄደው ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ ደግሞ በማራቶን ወርቅ አምጥተውልናል። ኃይሌ ግን 5 ሺህ ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ። ጠንካራው መም እግሩን ጎድቶት ነበር። የዓለም ሪከርድ የሰበረ ጀግና እግሬ ታሟል ብሎ ሲያርፍ፣ በኤርፖርት፣ በመጋዘንና በፓርኪንግ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ወገናችን ግን እያነከሰ ይውላል። “ጥፍር ነው፣ ይለፈኛል” ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ጠርዝ ወደ ጎን ሥጋው ገብቶ ይወጋል። ጎኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ከሰነበተም መግል ይይዛል። ዋነኞቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ጥፍርን በጣም አሳጥሮ ጠርዙን ማክበብና ጣትን የሚጨብጥ ጠባብ ጫማ። ምት፣ ላብና የጥፍሩ የተፈጥሮ ቅርጽም ይጨመሩበታል።

ገና ሲጀምር ከሆነ በቤታችሁ ልትረዱት ትችላላችሁ። እግራችሁን ለብ ባለ ውኃ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ንከሩ። በደንብ አድርቁት። ጥፍሩ ሲለሰልስ ንጹሕ ጥጥ ቆንጥራችሁ ከጠርዙ ሥር በቀስታ አስገቡ፤ በየቀኑም ቀይሩት። እስኪሻላችሁ ሰፊ ጫማ አድርጉ። በምላጭ ወይም በመርፌ መጎርጎር ግን ቁስሉን ያመረቅዘዋል። የጥፍሩን መሐል ሰንጥቆ መቁረጥ ያድናል የሚባለውም እውነት አይደለም።

በጥቂት ቀናት ካልተሻላችሁ ወይም መግል ካያችሁ የእግር ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ጣቱን አደንዝዞ ወደ ሥጋ የገባውን የጥፍር ጎን ብቻ ይቆርጣል። እየተመላለሰ የሚያስቸግር ከሆነ ያ ጎን ዳግም እንዳይበቅል ሥሩን ፊኖል በሚባል ኬሚካል ያክመዋል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል። ቅላቱ ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካላችሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።

ስኳር በሽታ ያለባችሁ ወገኖቼ፣ ለእናንተ ምክሬ ይለያል። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ላይሰማችሁ ይችላል፤ የደም ዝውውር ሲቀንስም ቁስል ቶሎ አይድንም። ትንሽ ቁስል ጣት፣ አንዳንዴም እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ የቤት ሕክምናውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ። ማታ ማታም እግራችሁን እዩ፤ ማየት ካቃታችሁ ልጆቻችሁ ይዩላችሁ።

ኢንሹራንስ የለኝም የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን የለንም። ነገር ግን በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች የሚያስከፍሉት እንደ ገቢያችሁ ነው። የፉልተንና የዲካልብ ካውንቲ ነዋሪዎችም በግሬዲ ሆስፒታል የክፍያ እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕመሙን ታግሳችሁ መጨረሻ ላይ ኢመርጀንሲ ከገባችሁ ግን የሚመጣው ቢል ከጥፍሩ በላይ ያማል።

መከላከሉ ቀላል ነው። ጥፍራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከጣቱ ጫፍ በታች አታሳጥሩት። ጥፍር ቤት የምትሠሩ እህቶች ካላችሁም ደንበኛ ቢለምናችሁ እንኳ ጎኑን አትቆፍሩ። ጫማ ስትገዙ እግር ትንሽ በሚያብጥበት በምሽት ለኩ።

ጫማ አታድርጉ ማለቴ አይደለም። በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ዘመን መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣ ይታወቃል። ስለዚህ ለእናታችሁ ጫማ ስትልኩ በግምት አትግዙ። እግሯን ወረቀት ላይ አስደርጋ በመስመር አስነድፋ ፎቶውንና የርዝመቱን ልክ ትላክላችሁ፤ ከዚያ ሰፋ ያለውን ምረጡ።

ዛሬ ማታ ካልሲያችሁን ስታወልቁ ጣታችሁን እዩት። ቸር ሰንብቱ።