ካሜራው ወደ ሪዮ ድሃ ሰፈር ሲገባ

እሷ፦ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው የብራዚል ፊልም አንድ ሕፃን እጁን ወይስ እግሩን በጥይት መመታት እንደሚመርጥ ሲጠየቅ፣ ለቅሶው ትወና አይመስልም።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ብዙዎቹ ተዋንያን እኮ ከሪዮ ድሃ ሰፈሮች ተመልምለው የሠለጠኑ ናቸው።

እሷ፦ የፊልሙ መነሻም ታሪኩ በሚፈጸምበት ሰፈር ያደገው የፓውሎ ሊንስ ልብ ወለድ ነው።

እሱ፦ ግን ቅር የሚለኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፊልሙ ከወጣ ወዲህ ስንቱ ሰው ሰፈሩን በጠመንጃ ብቻ አወቀው! ማልዶ ሥራ የሚወጣውስ? የሰፈሩ ልጅ ራፐሩ ኤምቪ ቢል ራሱ ፊልሙን ተቃውሟል።

እሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። ታሪኩን የሚተርከው ቡስካፔ ግን ፎቶ አንሺ ነው የሚሆነው።

እሱ፦ አንድ እሱ አይበቃኝም!

እሷ፦ እኔን ይበቃኛል። አድማጮቻችን፣ እናንተስ? ደውሉልን።