ወደ ታጁራ የተደረገ ጉዞ



በዚህ የበዓል ቀን ስለ አንድ ጉዞ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ባሕሩና ስለ ከተማው ብቻ ለማውራት ነበር። ነገር ግን የሄድሁበትን ምክንያት ደብቄ መንገዱን ብቻ ብተርክ ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛልና፣ ሁሉንም እነግራችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት አንድ የአፋር ልጅ እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ ነበር። በሒሳብ ሁላችንንም ይበልጠን ነበር። አባቱ ታመው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ትምህርቱን ትቶ አጎቱ ዓሣ ወደሚያጠምዱበት ወደ ታጁራ ሄደ። ሲሰናበተኝ በግል ተፈታኝ ሆኖ ፈተናውን እንደሚወስድ ነገረኝ፤ እኔም የየሳምንቱን ትምህርት በደብተር እየገለበጥሁ ልልክለት ቃል ሰጠሁት። አጎቴ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የካሚዮን ነጂ ናቸውና መላኪያ አላጣሁም። በስልክም ፎቶግራፍ አንሥቼ መስደድ እችል ነበር። ሦስት ወር ላክሁ፤ ከዚያ ተውሁት። ተጣልተን አይደለም፤ ሰነፍሁ እንጂ።

ባለፈው ጥር፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ አጎቴ አብሬአቸው እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ፈረንጆች ይህን ወራት ክረምት ይሉታል፤ ለእኛ በጋ ነው። ለዚያ ጠረፍ ግን ደግ ወራት ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። አዋሽን ስንሻገር የጂኦግራፊ ትምህርታችን ትዝ አለኝ፤ ይህ ወንዝ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ወደ ባሕር አቅጣጫ ይጓዝና፣ ባሕሩ ዘንድ ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ሚሌ አደርን። በጋላፊ ካሚዮኖቹ ተሰልፈው ስለ ነበር ፓስፖርታችን እስኪታይ ድረስ ብዙ ቆየን። ከዲክሂል አልፈን አጎቴ በመንገዱ መገንጠያ ላይ ለሚያውቋቸው ለአንድ የትንሽ መኪና ነጂ አደራ ሰጡኝና ወደ ወደባቸው ሄዱ።

ነጂው ደግ ሰው ነበሩ፤ ከመንገዱ ዘወር ብለው የአሳልን ሐይቅ አሳዩኝ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪቃ ከእርሱ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ዳሩ በረዶ የወረደበት ይመስላል፤ አጠገቡ ደግሞ በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ) የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ አለ። የአፋር ነጋዴዎች የዚህን ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው እስከ ሸዋ ያደርሱት ነበር። አያቶቻችን በወጣቸው ውስጥ ቀምሰውት ይሆናል።

ከዚያ ሳጋሎን አለፍን። አሺኖቭ የሚባል ሩስያዊ በ1889 ተከታዮቹን ይዞ፣ ወደ ኢትዮጵያ መሻገሪያ ይሆነኛል ብሎ በዚህ ሰፍሮ ነበር፤ የፈረንሳይ መርከቦች በመድፍ አባረሩት።

ታጁራ በባሕርና በተራራ መካከል ያለች ነጭ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰባት መስጊድ ያላት እየተባለች ትጠራለች። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የተነሣው ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠብንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እዚህ ተቀምጧል። ነገር ግን ከእኛ ደጋ ተይዘው የመጡ ባሮችም ወደ ዓረብ አገር የተጫኑት ከዚሁ ዳር ነው። በመጽሐፍ ላይ «የንግድ በር» ተብሎ ሲጻፍ እነርሱ አይታዩም። እኔም ጓደኛዬ እስኪነግረኝ ድረስ አላሰብኋቸውም።

ጓደኛዬን ያገኘሁት በባሕሩ ዳር መረብ ሲጠግን ነው። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ቀጥሎ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ዳጉ ጠየቀኝ። አፋሮች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰማሁትን ወሬ አንድ በአንድ ይነጋገራሉ፤ ይህ ዳጉ ይባላል፤ በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ መምህሮቻችን ነገርሁት። ሁሉንም በጸጥታ ሰማ።

«ስለ ደብተሩስ?» አለኝ።

በመንገድ ሳለሁ ሦስት ዓይነት ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። «ሰንፌ ነው» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አጎትህ መጡ በተባለ ቁጥር ሥራ ትቼ በጀልባ ወደ ጅቡቲ እሻገር ነበር» አለ። «ፈተና ይዞት ነው፤ በሚቀጥለው ይልካል ይሉኝ ነበር።»

አጎቴ ይህን አንድ ቀን እንኳ ነግረውኝ አያውቁም።

ማታ እናቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጋገረ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር አቀረቡልን፤ «ብላ ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው» እያሉም ትልቁን ቁራጭ ወደ እኔ ገፉት። ከእራት በኋላ ጓደኛዬ የላክሁለትን ደብተሮች አወጣ። በሰማያዊ ወረቀት ለብጧቸዋል። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ «ይቀጥላል» የሚል ነበረ። ከዚያ በታች በእርሳስ የራሱን መልሶች መሞከር ጀምሮ ነበር፤ ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስቱን ያለ አስተማሪ ትክክል አድርጎ ሠርቷቸዋል። ፈተናውን ግን ለዓመት አሳድሮታል።

እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጠን አንዱን ምዕራፍ አብረን ሠራን። ያልላክሁት ስድስት ምዕራፍ ነበር። ከተመለስሁ ወዲህ አራቱን በአጎቴ እጅ ልኬአለሁ። አንዱ ይቀራል።