ሞተር ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር



እኛ የሐሙሲት ልጆች ያደግነው በመንገድ ዳር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና በፊታችን ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውም ወረታ ላይ ተገንጥሎ ዳገቱን ይያያዘዋል። ስለዚህ ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው በየቀኑ የምናየውን ነገር ነው፤ ይኸውም ሞተር ከጠፋ በኋላ እንዴት እንደሚበርድ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሰው የሚቃጠልበት ስለ ሆነ ማወቁ ይጠቅማል።

በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ነዳጅ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ከዚህ ኃይል መኪናውን የሚያስኬደው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ሲሶ ያህል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከቀረው አብዛኛውን ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያደርሰዋል፤ በዚያም ቬንትሌተሩ አየር እየሳበ ያበርደዋል። ፓምፑ ውሃውን ሳያቋርጥ ስለሚያዞረው ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ይቆያል።

እንግዲህ ነጂው ሞተሩን ሲያጠፋ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው እሳቱ ስለ ጠፋ ወዲያው መብረድ የሚጀምር ይመስለዋል። ነገር ግን ከሞተሩ ጋር ፓምፑም ይቆማል፤ በቺንጋ የሚዞር ቬንትሌተርም አብሮ ይቆማል። የቴስታታውና የሲሊንደሩ ብረት ከውሃው ይልቅ የጋለ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱን ባለበት ለቆመው ውሃ ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት ለጥቂት ደቂቃ የውሃው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እናቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ የሸክላ ድስት ከእሳት ከወረደ በኋላም ሽሮው ሲንተከተክ ይቆያል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ የእኛ አገር ግን ከፍተኛ ስለ ሆነ በሐሙሲት በ94፥ በደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከዚህ በላይ ግሎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ግን ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ ውሃውም በአንድ አፍታ ፈልቶ ከነእንፋሎቱ በከፋቹ ፊት ላይ ይገነፍላል። 1 ሊትር ውሃ በሙሉ ቢተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ እንደ መድፋት ነው፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ እውነተኛው መብረድ ይጀምራል። በቆመ መኪና ኮፈን ሥር የምንሰማው ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ፥ የጋለው ብረት እየበረደ ሲኰማተር የሚያሰማው ነው። ኒውተን በ1701 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፥ የጋለ ነገር የሚበርደው ከአካባቢው አየር ጋር ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። ለምሳሌ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን፥ 90 ዲግሪ የነበረ ሞተር በ1 ሰዓት ወደ 55 ቢወርድ፥ በሚቀጥለው 1 ሰዓት የሚወርደው ወደ 37 ተኩል ገደማ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይፈጥናል፤ ኋላ ይዘገያል።

ስለዚህ ዳገት የወጣ መኪና፥ ይልቁንም ተርቦ ያለው የጭነት መኪና፥ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ቢቆይ ውሃውና ዘይቱ እየዞሩ ሙቀቱን ያወጡለታል። ውሃው ካነሰ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ኮፈኑን ከፍቶ፥ ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ ከዚያም ጨርቅ ደርቦ ክዳኑን ቀስ ብሎ መክፈት ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ውሃ ጨምር ተብሎ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ታናሹ ረዳት ነው፤ ዕድሜውም ከእኛ ብዙ አይበልጥም። ሾፌሩ ይቸኩላል፤ ተሳፋሪውም ገበያ እንዳያልፍበት ይጮኻል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈላ ውሃ የገነፈለበት ልጅ ግን የሚለቅመው የለም፤ ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። እንግዲህ መኪና ግሎ ሲቆም እኛ ተሳፋሪዎች ዝም ብለን ብንታገሥ፥ የተማርነውንም ለወንድሞቻችን ብንነግር፥ ትምህርታችን ከደብተር ወጥቶ ለሰው ጠቀመ ማለት ነው።